ቤቱን ገዛን፣ ክረምቱም ደረሰ፤ ከየቱ ልጀምር?

ጠባሴ አዲስ ገቢ — ሚያዝያ 9

ሰላም ለሁላችሁ። 11 ዓመት ተከራይተን ከኖርን በኋላ በመጋቢት አጋማሽ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ውስጥ የራሳችን ቤት ገባን። ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ውጭውም ውስጡም በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ማድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ለብቻው ነው። የሸጡልን እናት ከ20 ዓመት በላይ ኖረውበታል። በበጋ ፀሐይ ስላየነው ምንም የጎደለው አልመሰለንም ነበር። የበልጉ ዝናብ ሁለት ቀን ሲመታው ግን ጉዱ ወጣ።

ያየሁትን እንደመጣልኝ ልዘርዝር። የልጆቹ መኝታ ክፍል ኮርኒስ ላይ የቡና አተላ የመሰለ ክብ አለ፤ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጫለሁ። ከሳሎኑ በር በላይ ግድግዳው በሰያፍ ተሰንጥቋል፤ የትንሿ ጣቴ ጫፍ ይገባበታል። የጓሮው ግድግዳ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ እየተቀረፈ ይወድቃል፤ ውስጡን ስነካው ጭቃው እርጥብ ነው። እንጀራ ስጋግር የምጣዱ ሶኬት ይግላል፤ አንዳንዴም የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። የግቢው ቧንቧ ይንጠባጠባል። መስኮቶቹ አይገጥሙም፤ የጠባሴን ሌሊት የምታውቁ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ሊሾው ተሰነጣጥቋል።

በእጃችን የቀረው 70 ሺህ ብር ነው። ባለቤቴ የሚሠራው ሸዋ ሮቢት ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነው። እርሱ «ሳሎኑን ሴራሚክ እናልብሰው፤ ለሰኔ ሚካኤል እንግዳ አለብን» ይላል። እኔ መዶሻ እንኳ በወጉ ይዤ አላውቅም። ኪራይ ቤት ሳለን አንድ ነገር ሲበላሽ አከራይ መጥራት ነበር ሥራችን። ከየቱ ልጀምር? የትኛውንስ ራሴ መሥራት እችላለሁ?

አናጢው — ሚያዝያ 9

እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ እህቴ። ሴራሚኩ ይቆይ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንባችኋል። በዚህ ከተማ በአናጢነት 27 ዓመት ሠርቻለሁ። ሴራሚክ በተነጠፈበት ሳሎን ባልዲ ተደርድሮ ያየሁት አንድ ቤት ብቻ አይደለም።

የጻፍሽውን ደግመሽ አንብቢው። ጣሪያው፣ የጓሮው ግድግዳ፣ ቧንቧው፣ ምናልባትም ስንጥቁ የውኃ ጉዳይ ናቸው። የጭቃ ቤት ደረቅ ከሆነ የልጅ ልጅ ያሳድጋል። እግሩ ከራሰ ግን ቋሚው ከሥሩ ይበሰብስና አንድ ቀን ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ ታገኚዋለሽ። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

መጀመሪያ ይህን አድርጊ፤ ገንዘብ አያስወጣም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ኮርኒሱ ውስጥ ግቢና መውጫውን ከኋላሽ ዝጊው። ዓይንሽ ጨለማውን ሲለምድ የቆርቆሮው ቀዳዳዎች እንደ ኮከብ ይታዩሻል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አሹልኪበት፤ ከላይ የሚወጣው ሰው የቱን እንደሚደፍን ያያል። የምትረግጪው እንጨቱን ብቻ ነው፤ ኮርኒሱን ከረገጥሽ የምትወርጂው አልጋ ላይ ነው። ደግሞም ጠብታው የሚወድቅበት ቦታና ቀዳዳው አንድ ላይ አይደሉም። ውኃው ወራጁን፣ ማለትም የጣሪያውን ተዳፋት እንጨት፣ ይዞ ሁለት ሦስት ሜትር ከሄደ በኋላ ነው የሚንጠባጠበው። ስለዚህ ከባልዲው ትይዩ ብቻ አትፈልጊ፤ ወደ ጣሪያው አናት ሽቅብ ተከተይው።

የመብራት ሠራተኛ — ሚያዝያ 9

ጋሼ አናጢው ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የሚያፈስ ጣሪያ ቤተሰብ በሌሊት አይገድልም። የተቃጠለ ጎማ የሚሸት ሶኬት ይገድላል። እህቴ፣ ዛሬ ምጣዱን ንቀይው። ከዚያ የማከፋፈያውን ሳጥን ክዳን ሳትፈቺ ብሬከሮቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢና እዚህ ጻፊልኝ። ሽቦ እንዳትነኪ።

ጠባሴ አዲስ ገቢ — ሚያዝያ 10

ጋሼ፣ ወንድሜ፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ምጣዱን ነቅዬ በእንጨት መጋገር ጀምሬያለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሁለት ብሬከሮች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ላይ 32 ይላል። ጎረቤት እንደነገረችኝ ድሮ 16 የሚል ነበረ፤ ምጣድ ሲሰካ እየዘለለ ስላስቸገረ በትልቅ ቀየሩት።

የመብራት ሠራተኛ — ሚያዝያ 10

የፈራሁት እርሱን ነው። ላስረዳሽ። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ስታካፍይው 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ያንን ያህል ለሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ማለት ነው። በአሮጌ ቤት የአምፖልና የሶኬት መስመር አንድ ላይ በቀጭን፣ በ1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ተዘርግቶ ታገኚዋለሽ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ከሚችለው በላይ ሲሸከም መዝለል አለበት። ያ 16ቱ ሲዘል የነበረው ሥራውን እየሠራ ነው። 32 ሲደረግበት ሽቦው ግድግዳው ውስጥ እየነደደ እንኳ ብሬከሩ ዝም ይላል። ከላይ ደግሞ ደረቅ እንጨትና ኮርኒስ አለ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከማከፋፈያው እስከ ምጣዱ ለብቻው የተዘረጋ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ከመሬት ሽቦ ጋር፣ የራሱ የ20 ወይም የ25 አምፔር ብሬከር፣ ለምጣድ የሚሆን ወፍራም ሶኬት። የአምፖሉ መስመር ብሬከር ወደ 10 አምፔር ይውረድ። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ይህን ግን ራስሽ አትሠሪውም፤ ፈቃድ ያለው ሰው ጥሪ፤ ሲሠራም አጠገቡ ቆመሽ እይ።

አናጢው — ሚያዝያ 10

ልጄ ረትተኸኛል። መብራቱ ይቅደም። የአንድ ቀን ሥራ ከሆነ ለጣሪያው ጊዜ አለን፤ ሰኔ ግም እስኪል ሰባት ስምንት ሳምንት ይቀራል።

እትዬ ዘጠኝ ልጅ — ሚያዝያ 11

የኔ ልጅ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ደግሞ የምለው ቤት እንደ ሰው ነው፤ ጠባዩን ሳታውቂ ብዙ አትነካኪው። አንድ ክረምት ኑሩበት። ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ ነፋሱ በየት እንደሚገባ ራሱ ያሳያችኋል። እኛ ገና በገባን ዓመት ማድ ቤቱን አፍርሰን ሌላ ቦታ ሠራን፤ ክረምት ሲመጣ የጎረቤቱ ጎርፍ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ። ገንዘባችን በጎርፍ ተወሰደ።

አናጢው — ሚያዝያ 11

እትዬ፣ ያሉት ለግንባታ ልክ ነው። ግድግዳ ለማፍረስ፣ ክፍል ለመጨመር፣ ሊሾ ለመቀየር ዓመት ይጠበቃል። ልጆች የሚተኙበት ክፍል ሲያፈስ ግን ክረምቱን ዝም ብለን አንጠብቀውም።

ብረት ነጋዴ — ሚያዝያ 11

ይህን ሁሉ ምን አስጨነቃችሁ? የጓሮውን ግድግዳ ልስን አራግፋችሁ ወፍራም ሲሚንቶ ደርቡበት። እስከ ወገብ ድረስ። እርጥበት አይገባም።

የእነዋሪ አፈር — ሚያዝያ 12

ወንድሜ፣ እርጥበቱ ገብቷል እኮ፤ ሲሚንቶው የሚያደርገው እንዳይወጣ መቆለፍ ነው። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይለቀዋል። ቅርፊቱ ቆሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ግድግዳ በጣት ሲንኳኳ እንደ ቅል ይጮኻል። እህታችን ታንኳኳውና ትንገረን።

ስለ ስንጥቁም አንድ ነገር ልበል። ያደግሁት እነዋሪ ነው፤ ስለ ዋልካ አፈር ሌላ ሰው እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይገጥማል። ቤት ሲሠራበት መሠረቱን በዓመት አንድ ጊዜ ያነሳዋል፣ አንድ ጊዜ ያወርደዋል። ደብረ ብርሃንም እንዲህ ያለ አፈር ያለበት ሠፈር አለ። ስንጥቁ ከዚያ የመጣ ከሆነ አሁን ብትደፍኚው በነሐሴ ይገፋፋና አጠገቡ ሌላ ይከፈታል። በእርሳስ በስንጥቁ ላይ አግድም መስመር አስምሪ፣ ስፋቱን ለኪ፣ ቀኑን ጻፊበት። በየወሩ ለኪ። በበጋ እየሰፋ በክረምት የሚጠብ ከሆነ አፈሩ ነው፤ ክረምት ከበጋ ሳይጠብ እየሰፋ ብቻ የሚሄድ ከሆነ መሠረቱ እየወረደ ነውና ባለሙያ ጥሪ። ከግድግዳው አጠገብ ባሕር ዛፍ አለ?

ጠባሴ አዲስ ገቢ — ሚያዝያ 14

ወንድሜ በምን አወቅክ? ከበሩ በኩል ሁለት ሜትር ላይ ሁለት ትልልቅ ባሕር ዛፎች አሉ። ግድግዳውንም አንኳኳሁት። ከታች እንዳልከው ቅል ነው። ከጉልበት በላይ ደህና ይመስላል።

የመብራቱ ሥራ አለቀ፤ ከነዕቃው 9 ሺህ ብር ገደማ ፈጀ። ሠራተኛው አሮጌውን ሶኬት ሲፈታ አሳየኝ። ከኋላው የሽቦው ልባስ ቀልጦ እንደ ዘቢብ ተጨማድዶ ነበር። እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ባለቤቴ ቅዳሜ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጠበቅሁት፤ ስለ ሴራሚክ ያን ቀን አልተነሳም።

ግን ሌላ ነገር አለ። ሸዋ ሮቢት ያሉት የሥራ ጓደኞቹ የጓሮውን ግድግዳ ምስጥ ነው የበላው ብለውታል።

አናጢው — ሚያዝያ 14

ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነ ምስጥን መጠርጠራቸው አያስገርምም። እኛ ያለንበት ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ በብርዱ ምክንያት እዚህ እንጨት የሚጨርሰው በአብዛኛው ብስባሴ ነው። መለየቱ ቀላል ነው። ምስጥ ከመሬት ተነስቶ ግድግዳው ላይ የአፈር መንገድ ይሠራል። ያ ከሌለ፣ የቋሚውን ሥር በሚስማር ውጊው። ሚስማሩ እንደ ቅቤ ከገባ በስብሷል፤ ከመለሰው ደህና ነው።

ባሕር ዛፎቹን ቁረጧቸው፤ ውኃውን ከመሠረቱ ሥር ይመጥጡታል። አጣናውን ለራሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ።

የመሐል ሜዳ ልጅ — ሚያዝያ 16

ከመንዝ ሰላም ብያለሁ። የአባቴ ቤት የድንጋይ ግድግዳና የጓሳ ሣር ክዳን ነበረው፤ የጋራው የጓሳ መስክ እስከሚከፈት ተጠብቆ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ይከደናል። ከሥሩ ስትተኛ ብርዱ አይሰማህም። ቆርቆሮ ስናለብሰው ሁላችንም ተደሰትን። ከዚያ በታኅሣሥ ጠፍ ጨረቃ፣ ደመና በሌለበት ሌሊት፣ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ!

ቆርቆሮው ነው ያላበው። ውርጭ ሲወርድ ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ የሰው ትንፋሽና የማሰሮ እንፋሎት ወጥቶ ሲነካው ውኃ ይሆናል። ጎህ ሲቀድ ጠብ ጠብ ይላል። አባቴ ሦስት ጊዜ ቀዳዳ ሲፈልጉ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። እህቴ፣ ዝናብ ሳይኖር ማለዳ ከተንጠባጠበብሽ ቀዳዳ አትፈልጊ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ነፋስ የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍተት ይኑር።

ስለ መስኮቶቹም ፍርሃት ስላለብኝ ነው የምጽፈው። ብርድ ነውና ሁሉንም ትደፍኑታላችሁ። ከደፈናችሁ በኋላ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል እንዳይገባ። የከሰሉ መርዝ ሽታ የለውም። በእኛ አገር ሲሞቁ አድረው ያልነቁ አሉ።

ጠባሴ አዲስ ገቢ — ሚያዝያ 21

ኮርኒስ ውስጥ ገባሁ!

ልጄ መሰላሉን ይዞልኝ በስድስት ሰዓት ገባሁ። መውጫውን ስዘጋ ጨለማው ወደቀብኝ፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ቅርጭጭ ቅርጭጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ኮከብ አየሁ። ከዚያ ሁለት። ቆጠርኳቸው፤ 14 ናቸው። ሁሉም ሚስማር ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። ሚስማሮቹ ላልተዋል፤ አንዳንዱን በጣቴ ስገፋው ይነሳል። የሚያፈሰው ደግሞ ከባልዲው በላይ አልነበረም፤ ሳሎኑ አናት ላይ ነው። በወራጁ ላይ ውኃው የሄደበት ጥቁር መስመር ይታያል። በጣቴ እየዳሰስኩ ተከተልኩት፤ እየተንፏቀቅኩ የልጆቹ ክፍል ድረስ።

ጋሼ፣ ሚስማሩ ለምን ይላላል? ማንም አልነካውም።

አናጢው — ሚያዝያ 21

ጎበዝ! ስንት ወንድ ይህን አያደርግም።

የነካው ብርዱና ፀሐዩ ነው። በኅዳር ሌሊት ቆርቆሮው ውርጭ ለብሶ ያድራል፤ ቀትር ላይ እጅ አያስነካም። ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል። የሰማሽው ቅርጭጭታ እርሱ ነው። 20 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሚስማሩን እየነቀነቀው ኖሯል።

አሮጌውን ሚስማር መልሰሽ አትምቺው፤ ቀዳዳው ሰፍቷል። ይነቀልና ረዘምና ወፈር ባለ፣ ጎማ ባለው የቆርቆሮ ሚስማር ይተካ። የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ካለ ይነቀልና ቀዳዳው ይደፈን። ጎማው ጥብቅ እስኪል ብቻ ምቺ፤ እስኪጨፈለቅ ከመታሽው በሁለት ዓመት ይሰነጠቃል። ጣሪያ ላይ የምትወጡት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ሁለት ሆናችሁ፣ መሰላሉ ታስሮ ነው። ባለቤትሽ ይውጣ፤ አንቺ ከውስጥ ሽቦውን ያዢለት።

ጠባሴ አዲስ ገቢ — ግንቦት 6

14ቱም ተተኩ። ባለቤቴ ከላይ፣ እኔ ከሥር ሆነን በቆርቆሮው እየተጯጯህን አንድ ቅዳሜ ፈጀ። ሦስት ኪሎ ሚስማር ገዝቶ ነበር፤ አብዛኛው ተርፏል። ባሕር ዛፎቹም ተቆረጡ።

አሁን የጓሮው ግድግዳ። የቋሚዎቹን ሥር በሚስማር ወጋሁ። ከዘጠኙ ሁለቱ እንደ ቅቤ ናቸው።

አናጢው — ግንቦት 6

ሁለቱን መጥቼ አያቸዋለሁ፤ ከጠባሴ ሩቅ አይደለሁም። ከሥር ተቆርጦ በድንጋይ ላይ የሚቀጠል ከሆነ ግድግዳው አይፈርስም።

ከዚያ በፊት ውኃውን ከሥሩ አርቂ። ጣሪያሽ አሸንዳ አለው? ተሳስቼ ካልሆነ፣ የለውም። ከጣሪያ የሚወርድ ዝናብ መሬቱን መትቶ ግድግዳው ላይ ይረጫል፤ ጭቃሽ የተቀረፈው ልክ እስከ ጉልበት የሆነው ለዚህ ነው። ርጭቱ የሚደርሰው እስከዚያ ነው። አሸንዳ አሰሪ፤ ማውረጃው የግድግዳው እግር ሥር ሳይሆን ቦይ ውስጥ ይግባ። ቦዩን ራስሽ ትቆፍሪዋለሽ። ከግድግዳው አጠገብ ያለው አፈር በአንድ ሜትር ውስጥ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ እያለ ወደ ውጭ ይሂድ። ከግድግዳው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፊበት።

የላላውን ሲሚንቶ አራግፊና ግድግዳው ሳምንት ሁለት ሳምንት ፀሐይ ይምታው። ከዚያ በጭቃ ምረጊው። የጤፍ ጭድ ጨምረሽ በደንብ ረግጠሽ አቡኪው፤ ቢያንስ አራት አምስት ቀን ይደር። ሽታው ሲለወጥና ከእጅሽ ላይ እየተሳበ ሲወርድ ደርሷል። ይህን የሚያስተምርሽ ቪዲዮ ሳይሆን እግርሽ ነው።

እትዬ ዘጠኝ ልጅ — ግንቦት 7

መጨረሻ ላይ እበት ከአመድ ጋር ቀላቅለሽ በእጅሽ አልብሺው የኔ ልጅ። ጭቃው ሲደርቅ የሚያወጣውን ጭረት ይደፍነዋል። ምርጊት በልጅነታችን የሴት ሥራ ነበር፤ «መዶሻ ይዤ አላውቅም» ያልሽው ለዚህ አያሳስብሽም።

ጠባሴ አዲስ ገቢ — ሰኔ 15

ሚካኤል በሰላም አለፈ። እንግዶቹ በተሰነጠቀው ሊሾ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዞላቸው ተቀመጡ፤ ማንም ወለል አላየም። አማቴ ግን ጓሮ ወጥተው ምርጊቱን በመዳፋቸው አሻሹትና «ማን መረገው?» አሉ። እኔ ነኝ ስላቸው ዝም ብለው ጥግ ላይ ያልተስተካከለችውን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። እውነታቸውን ነው።

አሸንዳው ከነሥራው 16 ሺህ ብር ሆነ። የግቢውን ቧንቧ ራሴ ሠራሁት። መጀመሪያ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ሳራቺኔስካ፣ ማለትም የውኃ መዝጊያ፣ ዘጋሁ፤ ይህን ያህል ጊዜ እዚያ መኖሩን አላውቅም ነበር። ውስጡ ያለችው ጎማ ተበልታ ነበር፤ አዲሷ የከረሜላ ዋጋ ናት። ከዚያ ማታ ሁሉንም ዘግቼ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍኩ፣ ጠዋት አየሁት፤ አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ መሬት ውስጥ የሚፈስ የለንም።

የእነዋሪ አፈር — ሰኔ 15

ስንጥቁስ?

ጠባሴ አዲስ ገቢ — ነሐሴ 20

ወንድሜ ዘግይቼ ነው የመለስኩልህ። ሚያዝያ 15 ስለካው 9 ሚሊሜትር ነበር። ሰኔ 30 ላይ 6። ዛሬ 2 ነው፤ የእርሳሱ ጫፍ አይገባም። ልድፈነው?

የእነዋሪ አፈር — ነሐሴ 20

እንዳትነኪው! ዋልካ ነው። ጥር ላይ ለኪው፤ ዛፎቹ ስለተቆረጡና ቦዩ ስላለ ዘንድሮ የሚከፈተው ያነሰ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። ሁለት በጋና ሁለት ክረምት ከለካሽ በኋላ ስለ መድፈን እንነጋገር።

አናጢው — ነሐሴ 21

ባልዲውስ?

ጠባሴ አዲስ ገቢ — ነሐሴ 21

ጋሼ፣ ጭቃ ያቦካሁበት እርሱ ነው፤ ለሌላ ነገር አይሆንም። ከሐምሌ ወዲህ የልጆቹ ክፍል አንድም ጠብታ አልወረደበትም። ቡናማው ክብ ኮርኒሱ ላይ እንዳለ ነው፤ ቀለም የምንቀባው በጥቅምት ነው። መስኮቶቹ ይቀራሉ፤ ከውርጩ በፊት እነርሱን እይዛለሁ።

ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ቡናውን ይዞ ሊሾውን በጫማው ጫፍ መታ መታ እያደረገ ሲዞር ነበር። ምንም አላልኩትም።